በድሬዳዋ ሙቀት የሚጸና አይሻዶ፦ የአንድ የከዚራ የውበት ሳሎን ሥራ ሲመዘን

ድሬዳዋ ውስጥ ለሠርግ፣ ለመልስና ለምርቃት የሚኳኩሉ የውበት ሳሎኖች ሞልተዋል፤ አይሻዶን አዋህደው የሚቀቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። በብዙዎቹ ቤት ደንበኛዋ ከወንበሩ ስትነሣ በዓይኗ ቆብ ላይ ያለው ቀለም በየመስመሩ ተሰልፎ የአንዱ ዳርቻ ከሌላው ተለይቶ ይታያል፤ ያ እንዳይሆን ተብሎ ሲታሽ ደግሞ ሁሉም ይደባለቅና ስም የማይሰጠው ዳለቻ ይሆናል። አሁን የምመዝነው ሳሎን ከሁለቱም ጉድለት የራቀ ነው። የሚገኘው ከዚራ በተባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ፣ ዛፍ ባጠላበት መንገድ ላይ ነው። ከምስጋናው ጋር የማነሣቸው ቅሬታዎች ስላሉ ስሙን መጥቀስ አልፈለግሁም። በጥር ወር በተደረገው የታናሽ እህቴ ሠርግ ሙሽራዋን፣ አክስታችንንና እኔን አንዲት ባለሙያ ሠርታናለች፤ ከዚያም በኋላ በዚያው ቤት ለራስ መቀባትን የሚያስተምሩበትን አጭር ትምህርት ወስጃለሁ። ስለዚህ ሥራቸውን እንደ ደንበኛም እንደ ተማሪም ለማየት ችያለሁ።

የባለሙያዋ ብርታት የሚጀምረው ቀለም ሳትነካ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ 55 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሐረር ላይ ተኳኩለው በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ሠርጋችን ከወረዱት ዘመዶቻችን መካከል የአንዳንዶቹ አይሻዶ ገና አዳራሽ ሳይገቡ በቆባቸው እጥፋት ውስጥ ተሰብስቦ ቀጭን መስመር ሠርቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ቆቡ ይታጠፋል፤ ከቆዳው የሚወጣው ወዝና ላብ ዱቄቱን ያረጥበውና ወደ እጥፋቱ ይገፋዋል። ደጋ ላይ እስከ ማታ የሚቆይ ቅብ ቆላ ሲወርድ በቀትር የሚበላሸው ስለዚህ ነው።

ባለሙያዋ የእህቴን ቆብ ቅባት በሌለው ማጽጃ በጥጥ ጠርጋ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ኮንሲለር (የቆዳ ቀለም ያለው መሸፈኛ ቅባት) በቀለበት ጣቷ ጫፍ እየነካካች አሰራጨችው። ሳትጠራርግ መታ መታ ታደርገው ነበር። የኮንሲለሩ ቀለም ከእህቴ ቆዳ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን በተለይ አስተውያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሳሎኖች ቀለሙ ደምቆ እንዲወጣ በማሰብ ከቆዳ በጣም የነጣ መደብ ይቀባሉ። ቀይ በሆነች ሴት ላይ ይህ ብዙም አይታወቅ ይሆናል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን የነጣው መደብ በላዩ በሚያርፈው ቡኒ ሥር ብቅ እያለ ቀለሙን አመድማ ያደርገዋል፤ ዳርቻውም ምንም ቢታሽ ከቆዳው ጋር አይገጥምም። ከኮንሲለሩ በኋላ ስስ ፓውደር አኖረችበትና የጣቷን ጀርባ በቆቡ ላይ አንሸራተተች። ጣቷ ሳይያዝ ሲያልፍ ነው ወደ ቀለሙ የሄደችው። በሚያጣብቅ መደብ ላይ የሚያርፍ ብሩሽ የመጀመሪያውን ዱቄት እንዳረፈበት ትቶት ይሄዳል፤ ያ ነጠብጣብ ከዚያ በኋላ በማሸት አይለቅም፤ ከተላጠም ከሥሩ ካለው ኮንሲለር ጋር ነው የሚላጠው። ብዙ ሰው «አይሻዶው ጥሩ አይደለም» ብሎ የሚጥለው ዕቃ በደረቅ መደብ ላይ ቢሞከር ደህና ሆኖ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የመጣው መካከለኛው ቀለም ነው፤ የሳሎኑ ሥራ ከሌሎቹ የሚለይበትም ቦታ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌላ ቦታ ባለሙያዎች ደንበኛዋ የጠየቀችውን ደማቅ ቀለም በቀጥታ ቆቡ ላይ ያኖሩና ዳርቻውን ለማለስለስ በኋላ ይታገላሉ። ይህቺኛዋ ግን ከእህቴ ቆዳ በአንድ ደረጃ ብቻ የጠቆረ፣ ወደ ሸክላ የሚያደላ፣ የማያብለጨልጭ ቡኒ መረጠች። ብሩሹን ዱቄቱ ላይ ሳትጫን አንዴ ነካ አደረገችው፤ እጀታውን በማስቀመጫው ጠርዝ ላይ መታ አድርጋ ትርፉን አራገፈች፤ ከዚያም ብሩሹን በራሷ የእጅ ጀርባ ላይ ሁለቴ አሻሸችው። በእጇ ላይ የቀረውን ቀለም አይታ ብቻ ወደ ዓይን ወሰደችው። «ዓይንሽን ገልጠሽ ቀጥ ብለሽ ተመልከቺ፣ እናቴ» አለቻትና ብሩሹን ከእጥፋቱ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ በውጭው ማዕዘን በኩል አሳረፈችው። ብዙ ቀለም የሚገኘው ብሩሹ መጀመሪያ ባረፈበት ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ከዚያ ወደ አፍንጫው በኩል ወዲያና ወዲህ እያለች ወሰደችው፤ ዳርቻው ላይ ስትደርስ እንቅስቃሴውን ወደ ትናንሽ ክብ ለወጠችው። ብሩሹን የያዘችው በእጀታው ጫፍ ነበር። እንዲህ ሲያዝ እጅ መጫን ያቅተዋል፤ መጫን ሲያቅተው ደግሞ ቀለሙ ይሰራጫል እንጂ አይታተምም።

እህቴ ዓይኗን በመስታወት አይታ ምንም ቀለም የተቀባች ስላልመሰላት «ጨምሪበት» አለቻት። ባለሙያዋ ሳቅ ብላ «አቦ፣ ይሄ ጨው ነው እኮ፤ ጨምሬ ላወጣው አልችልም፤ ቆይ» አለች። በእርግጥም ያንኑ ቡኒ በትንሽ በትንሹ ደጋግማ ስትደርበው ቀለሙ ቀስ በቀስ ጠለቀ፤ የትኛው ዙር ላይ እንደ ደመቀ ለመለየትም አይቻልም ነበር። ጥቁሩ ቡኒ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እሱም አነስ ባለና ጠጉሩ ጠበቅ ባለ ሌላ ብሩሽ፣ በውጭው ማዕዘን ላይ ብቻ ተቀባ፤ ከዚያም ባለሙያዋ ወደ መጀመሪያው ብሩሽ ተመልሳ፣ ምንም ቀለም ሳትጨምር፣ በብሩሹ ላይ በቀረው ቡኒ ብቻ የጥቁሩን ዳርቻ አለሰለሰች። በመካከለኛውና በጥቁሩ መካከል ድንበር እንዳይታይ ያደረገው ይህ ወደ ቀድሞው ብሩሽ መመለስ ነው። በትምህርቱ ላይ ራሴ ስሞክረው ውጤቱን አይቻለሁ፤ ንጹሕ ብሩሽ ዳርቻውን ሲጠርገው ቀለሙ ይነሣና ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ መካከለኛውን ቀለም የያዘ ብሩሽ ግን የሚያነሣውን ያህል እየተካ ይሄዳል።

ለመልሱ ቀን የተጠየቀው የበለጠ ፈተና ነበር። የእህቴ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ሐምራዊና ወርቅማ ስለነበር አይሻዶዋም ሁለቱን እንዲይዝ ፈለገች። ሐምራዊና ቢጫ በቀለም ክብ ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ቀለሞች ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያደምቃል፣ ሲደባለቁ ግን ይጠፋፉና ቡኒ ወይም ግራጫ ይሆናሉ። ብዙዎች «ቀለሙ ቆሸሸ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ምንም ያህል ቢዋሃድ አይጠራም፣ እንዲያውም በታሸ ቁጥር ይብሳል። ባለሙያዋ ሐምራዊውን በውጭው ሲሶ ላይ ወስና፣ በሐምራዊውና በወርቁ መካከል ቀይ የሚጠጋ ቡኒ በቀጭኑ ካኖረች በኋላ፣ ወርቁን በመጨረሻ በመካከሉ ላይ አሳረፈችው። ሁለቱ ቀለሞች እርስ በርሳቸው አልተነካኩም፤ የተዋሃዱት በመካከላቸው ባለው ቡኒ በኩል ነው። ለእያንዳንዱም የተለየ ብሩሽ ይዛለች። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በከተማችን አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም።

ወርቁን የቀባችው በጣቷ መሆኑ አንዳንድ ሰው ላይ ግርታ ሊፈጥር ይችላል፤ እኔ ግን ትክክል ነበረች እላለሁ። የማያብለጨልጩት ቡኒዎች በአብዛኛው ቀለማቸውን የሚያገኙት ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር የብረት ኦክሳይድ ሲሆን፣ እነዚህ ደቃቅ ዱቄቶች በላላ ብሩሽ ሲበተኑ ያምርባቸዋል። የሚያብለጨልጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚካ የተባለው ማዕድን ስስ ቅርፊት ነው፤ በላዩም ቲታንየም ዳይኦክሳይድ ወይም የብረት ኦክሳይድ ይለበጥበታል። ቅርፊቱ ብርሃን የሚመልሰው በቆዳው ላይ ተኝቶ ሲለጠፍ ነው። በላላ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ ሲባል ቅርፊቶቹ በየአቅጣጫው ይቆማሉ፣ ግማሹም ጉንጭ ላይ ይረግፋል፤ በጣት ወይም በጠፍጣፋ ብሩሽ ሲታተም ግን ይተኛሉ። ስለዚህ ማዋሃድ የሚባለው ነገር ለሁለቱ ዓይነት ቀለም አንድ አይደለም፤ ደብዛዛው ይበተናል፣ አብለጭላጩ ይታተማል፣ የሚያብለጨልጨው ዳርቻም የሚለሰልሰው በደብዛዛው ቡኒ ነው።

አክስታችን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ስለሆነ ቆባቸው ላይ ስስ ሽብሽብ አለ። እሳቸውም እንደ ሙሽራዋ ወርቅ ፈለጉ። ባለሙያዋ በአክብሮት ግን ሳታመነታ «እትዬ፣ የሚያብረቀርቀው ሽብሽቡ ውስጥ ይገባና ያጎላዋል፤ በዚህ በለዘበው ልሥራልዎትና ካልወደዱት እቀይረዋለሁ» አለቻቸው። ያቀረበችላቸው ለስላሳ ቡኒ ከጥቂት የሐር ወዝ ጋር ነበር። ቆቡን በአንድ ጣት ወደ ቅንድቡ በቀስታ ሳብ አድርጋ ሽብሽቡን ዘርጋ እያደረገች ቀባችው፤ አክስታችንም ወርቁን ረሱት። እኔ ደግሞ ዓይኔን ስገልጥ ቆቤ ተጭኖ እጥፋቱን የሚሸፍን ዓይነት ነኝ። እንደ እኔ ላለች ሴት በተከደነ ዓይን ላይ ተዋህዶ ያማረ ቀለም ዓይኗ ሲገለጥ አንዱም አይታይም። ባለሙያዋ ይህን አስተውላ መካከለኛውን ቡኒ ከእውነተኛው እጥፋት በላይ፣ ዓይኔ ተገልጦ በሚታየው ቦታ ላይ ሠራችው። ሦስታችንም ከአንድ ሣጥን ቀለም ተቀብተን ሦስት የተለያየ ሥራ ይዘን ወጣን።

እዚህ ላይ ስለ ኩል አንድ ነገር ማንሣት ይገባል፤ በድሬዳዋም በሐረርም ያለ ኩል የተቀባ ዓይን ያለቀ አይመስልም። አክስታችን ከቤት ያመጡትን ኩል ከአይሻዶው በኋላ በውስጠኛው የዓይን ጠርዝ እንድትቀባላቸው ጠየቁ። የወዛ ኩል በሙቀት ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ላይም ይሸሻል፤ በንጽሕና የተዋሃደውን አይሻዶም በሰዓታት ውስጥ ያጠቁረዋል። ባለሙያዋ ይህን ለመከላከል የሽፋሽፍቱን ሥር በጥቁር አይሻዶና በቀጭን ብሩሽ አተመችው። ዘዴው መልካም ነው። ነገር ግን ከድንጋይ የተፈጨ ባህላዊ ኩል ብዙ ጊዜ የእርሳስ (ሌድ የተባለው ብረት) ሰልፋይድ ሊሆን እንደሚችል፣ እርሳስም በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ እንደሆነ፣ በአሜሪካም ኩል በመዋቢያ ውስጥ ለቀለምነት እንደማይፈቀድ አንዲት ባለሙያ ለደንበኛ ብትነግር ጥሩ ነበር። ሳሎኑ ስለዚህ ምንም አይልም።

ስለ ዕቃዎቻቸው የምለው አጭር ነው። ሳሎኑ የሚጠቀምባቸው አይሻዶዎች እጅግ ውድ የሚባሉ አይደሉም፤ አንዳንዶቹን ታይዋን ተብሎ በሚጠራው ገበያ አይቻቸዋለሁ። ደብዛዛዎቹ ቀለሞች ጥሩ ናቸው፤ በጣት ሲነኩ እንደ ኖራ አይበንኑም፣ በቆዳ ላይም እኩል ይዘረጋሉ። ሰማያዊውና አረንጓዴው ግን ደካሞች ናቸው፤ ባለሙያዋም ይህን ስለምታውቅ በሥራቸው ቀለም ያለው የዓይን መኳያ ፔንስል ትቀባለች። በታይዋንም ሆነ በከፊራ ገበያ አይሻዶ ለሚገዛ ሰው አንድ ምክር ልጨምር፦ ከሣጥኑ ጀርባ የቀለማቱ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ ለብረት ኦክሳይዶች 77491፣ 77492 እና 77499፣ ለሚካ 77019 ተጽፈው መኖራቸውን፣ ክዳኑ የተከፈተ የማሰሮ ምልክት ላይም 12 ወይም 24 ወር የሚል ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ መቀመጡን ይመልከት። የታወቀ ስም ተለጥፎበት ይህ ሁሉ የሌለበት ሣጥን ዓይን ላይ የሚደፈር አይደለም። ዱቄቱ የሚረግፍ ከሆነም መፍትሔው የሳሎኑ ልማድ ነው፤ ዓይንን መጀመሪያ ሠርተው፣ የረገፈውን ጠርገው፣ ፋውንዴሽኑን (የፊቱን መደብ ቅብ) በመጨረሻ ይቀባሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልምጣ። ከሁሉ የሚከፋው የንጽሕና ጉዳይ ነው። ለሙሽራዋ የወጡት ብሩሾች የታጠቡ ነበሩ፤ ከአክስታችን ወደ እኔ ሲዞር ግን ያው ብሩሽ በሶፍት ብቻ ተጠርጎ መጣ፤ የማስካራው መቀቢያም ከአንዱ ዓይን ወጥቶ ተመልሶ ወደ ቱቦው ገባ። የዓይን ማዝ በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሕመም በመሆኑ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የሚጣል የማስካራ መቀቢያ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ብሩሽንም በ70 በመቶ አልኮል ረጭቶ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ማሻሸትና እስኪደርቅ መጠበቅ ጊዜ አይወስድም። የሚገርመው ንጹሕ ብሩሽ ለቀለሙ ጥራትም የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። የአክስታችን ቡኒ ያልለቀቀው ብሩሽ የእኔን ቀላል ሮዝ ወዲያው አጠቆረውና ባለሙያዋ እንደገና ለመጀመር ተገደደች። ለሐምራዊና ለወርቅ የተለየ ብሩሽ የምትይዝ ሴት ለሁለት ሰው የተለየ ብሩሽ አለመያዟ ሊገባኝ አልቻለም።

ሁለተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አምፑል ቢጫ ነው፤ ክቡ የሜካፕ መብራት ደግሞ ነጭ ሆኖ ፊት ለፊት ስለሚያበራ የቀለሙን ጥላ ሁሉ ያጠፋዋል። በቢጫ ብርሃን ቡኒው የለሰለሰ ይመስላል፤ ሐምራዊው ይደበዝዛል፤ ባለሙያዋም ሳታውቀው ትጨምርበታለች። እህቴን በር ላይ አውጥቼ ዓይኗን በቀን ብርሃን ሳየው የግራው ሐምራዊ ከቀኙ ወጣ ብሎ ወደ ቅንድቡ ጫፍ ተጠግቶ ነበር። ስንነግራት ባለሙያዋ ቅር ሳትሰኝ ትንሽ ኮንሲለር በጠፍጣፋ ብሩሽ ይዛ ከታችኛው ሽፋሽፍት ጫፍ ወደ ቅንድቡ መጨረሻ በሚያመራ መስመር ጠርዙን አጸዳችው፤ ሥራውም ቀጥ ብሎ ወጣ። የመስታወቱ ወንበር በመስኮቱ ትይዩ ቢዞር ግን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። እስከዚያው ወደዚያ የምትሄድ ሁሉ አርቲፊሻል ሽፋሽፍቱ ከመለጠፉ በፊት በር ላይ ወጥታ ሁለቱን ዓይኖቿን ታስተያይ፤ ከተለጠፈ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

ቬንትሌተሩም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ያለ እሱ በዚያ ክፍል መቀመጥ አይቻልም፤ ፊት ለፊት ሲነፍስ ደግሞ ከብሩሹ ላይ ዱቄቱን ይወስደዋል፣ ዓይንንም ያስለቅሳል። ወደ ጀርባችን ይዞርልን ብለን ጠይቀን ዞሮልናል። ሌላው ከቅንድብ ሥር የሚቀቡት ነጭ አብለጭላጭ ነው፤ ይህ ልማድ በከተማው ሁሉ ያለ በመሆኑ እነሱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ሆኖም በጠይም ቆዳ ላይ ነጩ ብቻውን ተነጥሎ ስለሚታይ ከሥሩ ያለውን ያማረ ውህደት ይሸፍነዋል። እህቴ ሻምፓኝ የሚመስል ቀለም ይሁንልኝ ብላ በማሳሰቧ የእሷ ተስተካክሏል።

የሥራው ጽናት ግን የሚያስመሰግን ነው። ጥር ለድሬዳዋ ከቀዝቃዛዎቹ ወራት አንዱ ቢሆንም ቀትሩ ቀላል አይደለም፤ ሙሽራዋ ከጠዋቱ ተቀብታ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፎቶ ተነሥታ፣ አዳራሽ ገብታ ጨፍራ፣ ሌሊት ቤት ስትገባ የዓይኗ ቀለም ከእጥፋቱ ትንሽ ከመሳሳቱ በቀር በቦታው ነበር። በፎቶዎቹም ላይ መካከለኛው ቡኒ በጥላ መልክ ብቻ ይታያል፤ የት እንደጀመረ ማንም አይለይም። ማታ በፍላሽ በተነሡት ጥቂቶች ላይ ግን ከዓይኗ በታች ነጭ ምልክት ወጥቷል። ይህ ከአይሻዶው የመጣ አይደለም፤ ከዓይን በታች በብዛት የተነሰነሰው ሲሊካ ያለበት ፓውደር የፍላሽ ብርሃን ስለሚመልስ ነው። አስቀድሞ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ ቢነሣ ይታወቅ ነበር፤ ይህንንም ለሳሎኑ አሳስቤያለሁ።

ትምህርቱን በሚመለከት፣ የሚሰጠው ለሁለት ለሁለት ሰው በአንድ መስታወት ፊት ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያተኩረው መካከለኛውን ቀለም በማኖርና ዳርቻ በማለስለስ ላይ ነው። በጣም የጠቀመኝ ትምህርት የሚያስቸግረውን ዓይን ማስቀደም ነው። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ሴት የቀኝ ዓይኗን በቀላሉ ትሠራና ግራውን ከእሱ ጋር ለማስተካከል ስትታገል ቀለም ትደራርባለች፤ ግራውን ካስቀደመች ግን ቀኙን ከእሱ ጋር ማስማማት አይከብዳትም። ብሩሽን በለሰለሰ ሳሙና አጥቦ፣ ውሃው ወደ እጀታው ገብቶ ሙጫውን እንዳያላላው ጠጉሩን ዝቅ አድርጎ ወይም አጋድሞ ማድረቅን አስተምረውናል፤ ራሳቸው ቢተገብሩት ደግሞ ይበልጥ ደስ ባለኝ ነበር። ስለ ቀለም ምርጫ ያላቸው ትምህርት ግን ስስ ነው። ሐምራዊና ወርቅ ለምን እንዳይነካኩ እንደተደረገ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚል ነበር፤ እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው አያብራራም።

ዋጋው በከዚራ ካሉት ሳሎኖች ጋር ሲተያይ መካከለኛ ነው፤ ለሙሽራ የሚጠየቀው ለእንግዳ ከሚጠየቀው ብዙ ይበልጣል፤ ሆኖም ከሠርጉ በፊት የሚደረገውን ሙከራ ያካትታል። ሙከራውን በጠዋት ሳይሆን በቀትር ማስያዝ ይሻላል፤ ቀለሙ ሙቀቱን ይችል እንደሆነ በዚያው ቀን ይታያልና። በጥር እና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወረፋው ስለሚበዛ ቀጠሮ ቀደም ብሎ መያዝ፣ ሲያዝም ባለሙያዋን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያው ቤት የሚሠሩት ሌሎቹ ልጆች ፈጣኖች ቢሆኑም ደማቁን ቀለም ከመካከለኛው አስቀድመው ሲቀቡ አይቻለሁ። የራስን ብሩሽና ማስካራ ይዞ መሄድን አይከለክሉም፤ እኔም ለትምህርቱ ስሄድ የራሴን ይዤ ሄድኩ፤ ባለሙያዋም ሳትከፋ በእነሱ ሠርታልኛለች።